የመቆየት አቅም፦ ስለ ወረዳ ገበያና ስለ ገበሬው ጓዳ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ «የአካባቢን ኤኮኖሚ ስለ ማሻሻል» ንግግር እንዳሰማ በጠየቀኝ ጊዜ የርእሱ ስፋት አሳሰበኝ። ስለ አካባቢ ኤኮኖሚ መናገር የጀመረ ሰው ስለ መንገድ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ቀረጥና ስለ ባንክ ሁሉ መናገሩ አይቀርም፤ ስለ ሁሉ የተናገረ ደግሞ ስለ አንዱም በቂ ነገር ሳይናገር ሰዓቱ ያልቅበታል። ስለዚህ በኮሚቴው መልካም ፈቃድ ነገሬን በአንድ ጠባብ ጥያቄ ላይ ወስኜ አቀርባለሁ።

ጥያቄው ይህ ነው። በአንድ ወረዳ ዝናቡ በወቅቱ ዘንቦ፣ ማዳበሪያው በጊዜ ደርሶ፣ ምርቱ አምሮ በታየበት ዓመት እንኳ የገበሬው ጓዳም ሆነ የወረዳው ከተማ ሱቅ የምርቱን ያህል ሲያድግ የማይታየው ስለ ምንድን ነው? የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ገበሬው ምርቱን ይዞ መቆየት ስለማይችል ነው። ያመረተውን በረከሰበት ወር ይሸጣል፤ የጎደለበትን በተወደደበት ወር ይገዛል። በሁለቱ ወራት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነትም ከቤቱ ብቻ ሳይሆን ከወረዳው ወጥቶ ይሄዳል። መልሱ አጭር ቢሆንም ምክንያቶቹ አጭር አይደሉም፤ ከእኛ ሙያ ጋር ያላቸው ግንኙነትም ከምናስበው በላይ የቀረበ ነው።

ለአስረጂነት የምመርጠው አገር አርሲ ነው። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኘው አሰላና በዙሪያዋ ያሉት እነ ኢተያ፣ ሳጉሬና በቆጂ የስንዴና የገብስ አገር ናቸው። የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተባብረው ያቋቋሙት፣ «ካዱ» በሚል ምሕጻረ ስም የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን የጀመረው በዚሁ ስፍራ ነበር። ካዱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ሰጠ፤ በገበያ ቦታዎች የንግድ ጣቢያ ከፍቶ ስንዴ ገዛ፤ ወተት ሰበሰበ፤ የተዳቀሉ ጊደሮች አከፋፈለ፤ የአካባቢው ማረሻ እንዲሻሻልም ምርምር አካሄደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተበዳሪዎቹ ቁጥር ከጥቂት መቶዎች ወደ ብዙ ሺሆች ተሻገረ፤ ከአንድ ሄክታር የሚገኘው የስንዴ ምርትም በግልጽ ጨመረ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የሚያስደስት ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ደግሞ የዘመኑ አጥኚዎች መዝግበውታል። መሬቱ ብዙ እንደሚያተርፍ በታየ ጊዜ ብዙ ባለርስቶች ጪሰኞቻቸውን እያስነሡ በትራክተር ማሳረስ ጀመሩ። የእርሻ መሣሪያው ከቀረጥ ነጻ ይገባ ስለ ነበር ሒሳቡ ለባለርስቱ ይበልጥ ተስማማው። ለትንሹ ገበሬ ታስቦ የመጣው ዕውቀት ትንሹን ገበሬ ከመሬቱ ለማስነሣት ምክንያት ሆነ ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ባለርስትነትንና ጪሰኝነትን ስላስቀረ ያ በር ተዘጋ። ነገር ግን ከጭላሎ የምንማረው በጪሰኝነት ብቻ የሚወሰን አይመስለኝም። አዲስ ምርት ሲገኝ ጥቅሙ የሚፈስሰው ወደ ደከመው ሳይሆን ለመጠበቅ፣ ለመምረጥና ለመከልከል አቅም ወዳለው ሰው ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያ አቅም የነበረው መሬቱን በያዘው እጅ ነበር፤ ዛሬ ያለው ጊዜውን በያዘው እጅ ነው።

ይህን ለማየት የገበሬውን ዓመት ወር በወር መከተል ይበቃል። በአርሲ ደጋ ስንዴው በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። የኮምባይነሩ ባለቤት ኪራዩን የሚጠብቀው ማሳው ዳር ቆሞ ነው፤ ጆንያውን የሞሉትና ወደ ቤት ያጓጓዙት ሠራተኞችም እንዲሁ። ወዲያው የመሬት ግብር ይከተላል። በነሐሴ ቤቱ ባዶ በነበረ ጊዜ ከጎረቤት ወይም ከባለሱቅ የተወሰደው ብድር የሚመለስበት ቀጠሮ «እህል ሲገባ» የተባለ ነበርና እሱም ይደርሳል። የዕድር ውዝፍ አለ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ የሚዳረሱ ልጆች ካሉ ሠርጉ በጥር ነው፤ ለራሱ ባይደግስ እንኳ ለዘመዱ ድግስ ባዶ እጁን አይሄድም። ይህ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ ከመጋቢት እስከ ሰኔ የመጪው ክረምት ማዳበሪያ ይጠብቀዋል። እንግዲህ አገሩ በሙሉ በአንድ ወር ውስጥ ሻጭ ይሆናል። ሁሉ ሻጭ በሆነበት ገበያ ዋጋ ምን እንደሚሆን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አንድ ትንሽ ስሌት ላቅርብ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ እንጂ የየትኛውም ገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ቤተሰብ 24 ኩንታል ስንዴ አገባ እንበል። ለቀለብና ለዘር 12 ኩንታል ያስፈልገዋል። የጥር ወጪው ግን 56,000 ብር ስለ ሆነና ኩንታሉ በ4,000 ብር ስለሚሸጥ 14 ኩንታል ይሸጣል። ሁለቱ ኩንታል ከቀለቡ የወጣ ነው። በሐምሌ መልሶ ሲገዛው ኩንታሉ 5,200 ብር ሆኖ ይጠብቀዋል። ይህ ሰው እነዚህን 2 ኩንታልና ከቀረው 12 ኩንታል ውስጥ ገሚሱን፣ በጠቅላላው 8 ኩንታል፣ እስከ ክረምት መባቻ የሚያቆይበት ገንዘብ በብድር ቢያገኝ ኖሮ የዋጋው ልዩነት 9,600 ብር ይሆንለት ነበር። ወለዱን፣ የመጋዘን ኪራዩንና በነቀዝ የሚጠፋውን እንቀንስ፤ ገሚሱ ብቻ ቢተርፍ 4,800 ብር ነው። በወረዳው እንዲህ ያሉ 10,000 ቤቶች ቢኖሩ 48 ሚሊዮን ብር በየዓመቱ በወረዳው ይቀራል። ይህን የሚያህል ገንዘብ በዕርዳታ ለማግኘት ስንት የጥናት ሰነድ እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን።

ገንዘቡ በወረዳው ቀረ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ በአንድ ቤት እንመልከት። ገበሬው የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ሊለውጥ ተነሣ። የቆርቆሮው ዋጋ አብዛኛው ወደ ፋብሪካው ይሄዳል፤ ነጋዴው ጋ የምትቀረው ትርፍ ጥቂት ናት። አናጢው ግን የዚያው ከተማ ሰው ነው፤ ባለጋሪው፣ ጭቃ መራጊው፣ በርና መስኮት የሚሠራው ባለብየዳ ቤትም እንዲሁ። አናጢው የተከፈለውን ይዞ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ ባለወፍጮው ለልጁ ልብስ ያሰፋል፤ ልብስ ሰፊው የቤት ኪራዩን ይከፍላል። አንዱ ብር ከወረዳው ሳይወጣ አራት አምስት እጅ ይዞራል። ከዚህ በተቃራኒ ዛሬ ያለውን የወረዳ ከተማ ብታዩ ሱቁ በጥርና በየካቲት ይጨናነቃል፤ በሐምሌ ደግሞ ባለሱቁ ዝንብ እያባረረ ይውላል። የዓመት ሽያጩን በሁለት ወር የሚሸጥ ነጋዴ ሠራተኛ በቋሚነት አይቀጥርም፤ ዕቃም በብዛት አያመጣም፤ ለባንክ የሚያሳየው የተስተካከለ ሒሳብም አይኖረውም። የገበሬው ወር ሳይስተካከል የነጋዴው ወር አይስተካከልም።

የመቆየት አቅም ማጣት ከድህነት አልፎ ወደ ምን እንደሚያደርስ በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. ታይቷል። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ምርት በጣም ጥሩ ነበር። ዋጋው ግን እጅግ ከመውደቁ የተነሣ ገበሬዎች ለማሳጨጃና ለማጓጓዣ የሚያወጡትን እንኳ መሸፈን ያቃታቸው ቦታዎች ነበሩ፤ የማዳበሪያ ዕዳቸውን ለመክፈል በሬ የሸጡም ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ዝናብ ጠፋና በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ጠባቂ ሆነ። ጥጋቡና ረኀቡ የተለያዩት በአንድ ክረምት ብቻ ነበር። በርግጥ የዚያን ዓመት ችግር መጋዘን ብቻውን ያስቀረው ነበር አልልም፤ ድርቁ ድርቅ ነው። ነገር ግን በአንዱ ዓመት የሚያዘው ጠፍቶ የረከሰው እህል በሚቀጥለው ዓመት በመርከብ ተጭኖ የሚመጣበት ሥርዓት ከባድ ጉድለት ያለበት መሆኑን ማንም አይክድም።

እዚህ ላይ ነጋዴውን መውቀስ የተለመደ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። እህል ማቆየት ነጻ ሥራ አይደለም፤ ነቀዝ አለ፣ አይጥ አለ፣ ርጥበት አለ፣ የታሰረው ገንዘብም ወለድ አለው። ዋጋው በክረምት ሁልጊዜ ይወጣል ማለትም አይደለም፤ የውጭ ስንዴ በብዛት ከገባ ወይም የመጪው ዝናብ ጥሩ መስሎ ከታየ ያቆየ ሰው የሚከስርበት ዓመት አለ። ነጋዴው ይህን ሁሉ አደጋ ይሸከማል፤ የሚሸከመው ስለሚችል ነው። ጥያቄው ገበሬው ከዚህ ሥራ የተወሰነውን ድርሻ ራሱ ሊሠራው የሚችልበት መንገድ ምንድን ነው የሚለው ነው። ብዙ ገበሬዎች ማቆየት ሲጀምሩ በጥርና በሐምሌ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ይጠብባል። ያን ጊዜ ከላይ ያሰላሁት ትርፍ እንደሚያንስ አውቃለሁ፤ ቢያንስም አልከፋም። ምክንያቱም የጥር ዋጋ ለሁሉም ሻጭ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ እህል ገዝቶ የሚበላው የከተማ ደመወዝተኛና የቀን ሠራተኛም በሐምሌ እፎይ ይላል።

ዋጋን በትእዛዝ ማስተካከል ደግሞ ተሞክሯል። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታና በተወሰነ ዋጋ ይገዛ እንደ ነበር፣ አርሲና ጎጃም የመሳሰሉት ትርፍ አምራች አገሮችም ሸክሙን ከሌላው ይበልጥ እንደ ተሸከሙ በዕድሜ የገፋን አባላት እናስታውሳለን። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኤኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ወራት ፈረሱ፤ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ደግሞ በብዙ ቦታ የአገልግሎት ማኅበራት መጋዘኖች ተዘረፉ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ «ማኅበር» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱን ቢያጠቁር ምክንያት አለው።

ወደ መፍትሔው ልሻገር። ስለ መጋዘን ከመናገሬ በፊት ግን ስለ ጓዳ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ የልማት ሰነዶች የሚዘሉት እሱን ነውና። እህል የሚቆየው ቤቱ ሌላ የዕለት ገንዘብ ሲኖረው ነው። ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለደብተር፣ ለሐኪም በየሳምንቱ የሚያስፈልገው ጥቂት ብር ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ከሴቲቱ እጅ ነው፤ ከዕንቁላሉ፣ ከቅቤው፣ ከወተቱ። ይህ ገቢ በደረቀ ቤት ለአንድ ኪሎ ስኳር ሲባል እህል በቁና እየተሰፈረ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ቁና በቁና የወጣ እህል በሒሳብ መዝገብ አይታይም፣ ጎተራውን ግን ያጎድላል። ካዱ በአሰላ ዙሪያ የተዳቀሉ ላሞችን ማስፋፋቱና ወተት መሰብሰቡ ለስንዴው ተጨማሪ ሥራ ይመስል ነበር፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን ስንዴው በጎተራ እንዲቆይ የሚያደርገው ወተቱ ነው። ወተትም የራሱ ችግር አለው። በጾም ወራት፣ በተለይም በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት፣ ከክርስቲያኑ ገዢ የሚመጣው ፍላጎት ይወድቃል፤ ላሚቱ ግን ጾም አታውቅም። ብልኋ የቤት እመቤት ወተቱን ንጣ፣ ቅቤውን አንጥራ ወይም በቅል አኑራ ለፋሲካ ገበያ ታደርሰዋለች። ስለ መቆየት ጥቅም በዚህ አዳራሽ የምንለፋበትን ትምህርት እሷ ከእናቷ ተምራዋለች። የጎደላት ቅቤዋን የሚያህል በቀላሉ የሚቆይ ሌላ ነገርና ጥቂት መነሻ ገንዘብ ነው። ወረዳው አንድ የወተት ማቀዝቀዣ፣ አንድ የእንስሳት ሐኪምና መኖ የሚሸጥ ሱቅ ቢኖረው ለእህል ገበያው መረጋጋት የሚያደርገው አስተዋጽኦ ከሚታሰበው ይበልጣል።

ለቤት ውስጥ ክምችት ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አየር የማያስገባው ባለሦስት ንብርብር ከረጢት በብዙ ቦታ ይሸጣል። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። ዋጋው ከተራው ጆንያ ይወደዳል፣ ነገር ግን እህል ያለ ነቀዝ ወራትን ይቆያል። ይህን ያህል ብቻ ብዬ ልለፍ።

ዋናው ነገር ብድሩ ነው፤ የእኛም ሙያ የሚገባበት እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የመጋዘን የተቀማጭ ደረሰኝ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 372/1996 ከተደነገገ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ገበሬው እህሉን በታወቀ መጋዘን ያስገባል፤ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት ደረሰኝ ይቀበላል፤ ደረሰኙን ለባንክ አስይዞ ይበደራል፤ ዋጋ ሲሻሻል እህሉን ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ከብትንና ሰብልን የመሳሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና ሊሆን እንደሚችል ደንግጓል። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሕጋዊ መሠረት አግኝተዋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር በመጀመሪያ የታሰበለት እንደ በቆሎና ስንዴ ያለው የምግብ እህል ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ዋና ንግዱ ወደ ቡናና ሰሊጥ ዞረ። የኢተያው ስንዴ ደረሰኝ ይዞ ባንክ ሲገባ ማየት እስካሁን የተለመደ ነገር አይደለም።

ለምን? ባንኩ የሚጠይቀው እህሉ ነገም በመጋዘኑ መኖሩን ነው። በጥር 400 ኩንታል ገባ የሚለው መዝገብ በሰኔም 400 ኩንታል ወይም ከተፈቀደው የብክነት መጠን ያልበለጠ ጉድለት ማሳየት አለበት። ሚዛኑ የተፈተሸ፣ ደረጃው በሚታወቅ መለኪያ የወጣ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ የተጻፈ መሆን አለበት። ሕጉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳብ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል፤ የመርማሪው ቁጥር ግን ከማኅበራቱ ቁጥር ጋር ስለማይመጣጠን ለዓመታት ሳይመረመሩ የሚቆዩ አሉ። ሒሳቡ ያልተመረመረ ማኅበር ደረሰኝ ቢሰጥ ወረቀት ሰጠ እንጂ ዋስትና አልሰጠም። ባንኩን ልንፈርድበት አይገባም፤ እኛም በባንኩ ወንበር ብንቀመጥ አናበድርም።

እዚህ ላይ ዕቁብንና ዕድርን ሳላነሣ ባልፍ አግባብ አይሆንም። በየመንደሩ ያለ ዕድር ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የገባና የወጣ መዝገብ አለው፤ ድንኳኑ፣ ምጣዱና ሰሐኑ ሳይቀር ተቆጥሮ ይረከባል። ገንዘብ ያዡ ቢያጎድል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሰፈሩ ያውቀዋል። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ባህል እናደንቃለን እንጂ እንደ ሒሳብ አያያዝ አናየውም። እኔ ግን የወረዳው መጋዘን ሊማርበት የሚገባ ሥርዓት አድርጌ አየዋለሁ። አባላቱ በወር አንድ ቀን ተሰብስበው ሚዛኑንና ቁልሉን ራሳቸው የሚያዩበት፣ ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ የሚያዝበት፣ ቆጠራው በገበያ ቀን በሰሌዳ የሚለጠፍበት መጋዘን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የእኛ የታተመ የምርመራ ሪፖርት ብቻውን ገበሬውን አያሳምነውም፤ የሰፈሩ ዓይን ብቻውንም ባንኩን አያሳምነውም። ሁለቱ መገናኘት አለባቸው።

ስለሆነም ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴያችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበራችን በአርሲ ሁለት፣ በጎጃም አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ይምረጥ፤ ከሚመለከታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር ተስማምቶም ፈቃደኛ አባሎቹን ለጥቂት ሳምንታት ይላክ። የሚላኩት ሰዎች የዩኒየኖቹንና የአባል ማኅበራቱን የመጋዘን መዝገብ መርምረው ውዝፉን ይዝጉ፤ አንድ ዓይነት የገቢና የወጪ ካርድ፣ አንድ ዓይነት የተቀማጭ ደረሰኝ፣ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ፣ ያዘጋጁ፤ የመጋዘን ጠባቂዎቹን ያሠልጥኑ። በመጀመሪያው ዓመት ከየማኅበሩ ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ገበሬዎች ብቻ ከምርታቸው ጥቂቱን ያስገቡ፤ ብዙ ለመጀመር መቸኮል አያስፈልግም። አበዳሪው ባንክ ወይም የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ከእህሉ ግምት ከገሚሱ ብዙ ሳያልፍ ቢያበድር የዋጋ መውደቅ ቢያጋጥምም ገበሬው ዕዳ ላይ አይወድቅም። በዓመቱ መጨረሻ ስንት ኩንታል እንደ ገባ፣ ስንት እንደ ጎደለ፣ በስንት እንደ ተሸጠ፣ ለገበሬው ከወጪ በኋላ ምን እንደ ተረፈው፣ ያተረፈም ይሁን ያከሰረ፣ በዚሁ መጽሔት ይታተም። ከሴቶች የወተትና የቅቤ ቡድኖች ጋር የሚደረገውን ሥራ ለሁለተኛው ዓመት ማቆየት ይቻላል፤ እኔ ግን ቢቻል አብሮ እንዲጀመር እመርጣለሁ።

ሥራው የጊዜ ገደብ አለው። ስንዴው በኅዳር ይታጨዳል፤ የመዝገቡ ምርመራና የሚዛኑ ፍተሻ በጥቅምት መጨረሻ ካልተጠናቀቀ እህሉ በተለመደው መንገድ ይሸጥና አንድ ሙሉ ዓመት ይታለፋል። ስለዚህ ፈቃደኛ የሆኑ አባላት ስማቸውን፣ ሊሄዱበት የሚችሉበትን ወርና የሚናገሩትን ቋንቋ ጽፈው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለጸሐፊያችን እንዲሰጡ እጠይቃለሁ። የመጓጓዣውና የውሎ አበሉ ጉዳይ በነገው የበጀት ስብሰባ ላይ ይቀርባል።